ለመማር ማን ይከፍላል? ከፋዩስ ምን ይፈልጋል?

እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ። መንግሥት አንድን ወጣት በራሱ ወጪ ባሕር ማዶ ልኮ «አገር እንዴት እንደሚተዳደር ተምረህ ና» አለው እንበል። ወጣቱ ተምሮ ተመለሰና «አገራችን የምትተዳደርበት መንገድ ልክ አይደለም» አለ። ስኮላርሺፑ ተሳካ ወይስ ከሸፈ?

ጥያቄው የፈጠራ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ግርማሜ ንዋይ የሚባል ወጣት በአሜሪካ፣ መጀመሪያ በዊስኮንሲን ከዚያም በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ለማስተርስ ዲግሪው ያዘጋጀው ጽሑፍ እንግሊዞች ኬንያ ውስጥ ነጭ ሰፋሪዎችን መሬት ላይ ስላሰፈሩበት ፖሊሲ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ሰው «የታኅሣሥ ግርግር» እየተባለ የሚጠራውን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከመሩት ዋነኞቹ አንዱ ሆነ። የገለበጠው፣ ወይም ለመገልበጥ የሞከረው፣ ያስተማረውን መንግሥት ነው።

ዛሬ «ፐብሊክ ፖሊሲ» የሚባለው የትምህርት ዘርፍ መንግሥት የትኛውን ችግር እንደሚያስቀድም፣ በማን ገንዘብና በየትኛው ሕግ እንደሚፈታው፣ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ ያጠናል። በዚህ ስም የሚሰጡ የማስተርስ ፕሮግራሞች በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፉት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ነው። ሀሳቡ ግን ከስሙ በጣም ይቀድማል፦ ነገ አገር የሚመሩትን ዛሬ መርጦ ማስተማር። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህንን ሀሳብና ከጀርባው ያለውን ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሆነውን በእኛ አቆጣጠር፣ ውጭ አገር የሆነውን እ.ኤ.አ. እያልኩ እሄዳለሁ፤ እንዳትምታቱ።

ከአልማዝ የወጣ ስኮላርሺፕ

ስኮላርሺፕ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ሮድስን ነው። ሴሲል ሮድስ እንግሊዛዊ ነጋዴና ፖለቲከኛ ነበር። ሀብቱን ያካበተው ከደቡብ አፍሪካ አልማዝ ነው፤ ዛሬም ድረስ የሚታወቀውን ዴ ቢርስ የተባለውን የአልማዝ ኩባንያ የመሠረተው እሱ ነው። ከ1890 እስከ 1896 እ.ኤ.አ. የኬፕ ቅኝ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበር። በ1894 እ.ኤ.አ. ግሌን ግሬይ የተባለ ሕግ አወጣ። ሕጉ አፍሪካውያን የሚይዙትን መሬት በጠባቡ ወሰነ፤ ከቀያቸው ወጥተው ለደመወዝ በማይሠሩት ወንዶች ላይ ደግሞ ግብር ጣለ። አንድ መንግሥት በመሬትና በግብር ፖሊሲ ሰውን ከእርሻው አንሥቶ ወደ ማዕድን ጉድጓድ እንዴት እንደሚነዳ ማየት ለሚፈልግ፣ ይህ ሕግ ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

ሮድስ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሞት፣ ኑዛዜው ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች፣ ከአሜሪካና ከጀርመን የሚመረጡ ወጣት ወንዶች ኦክስፎርድ እንዲማሩ ገንዘብ ተወ። የሚመረጡት መጽሐፍ ላይ ብቻ የተደፉ እንዲሆኑ አልፈለገም። ስፖርት የሚወዱ፣ ጠባያቸው የተመሰገነ፣ ሰው የመምራት ዝንባሌ ያላቸው እንዲሆኑ አዘዘ። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ዓለም የሚመሩ ሰዎች በአንድ ቦታ ተምረው፣ ተዋውቀው፣ የእሱን የግዛት ሕልም እንዲያስቀጥሉ።

ኑዛዜው ማንም በዘሩ ምክንያት እንዳይከለከል የሚል ቃል ነበረበት። በተግባር ግን በ1907 እ.ኤ.አ. አለን ሎክ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሲመረጥ፣ በርካታ የኦክስፎርድ ኮሌጆች አንቀበልም አሉት፤ በመጨረሻ አንዱ ተቀበለው። ከእሱ በኋላ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ እስኪመረጥ ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ። ሴቶች መወዳደር የቻሉት ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። በ2002 እ.ኤ.አ.፣ ሮድስ ከሞተ 100 ዓመት ሲሞላው፣ የኔልሰን ማንዴላ ስም ከሮድስ ስም ጋር ተጣምሮ ማንዴላ ሮድስ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። ዛሬ ይህ ድርጅት አፍሪካውያን ወጣቶች በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ትምህርት እንዲማሩ ይከፍላል። ከአፍሪካ መሬት የወጣው ሀብት መቶ ዓመት ዞሮ ከፊሉ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች ተመለሰ እንደማለት ነው። ማንዴላ በዚህ መስማማታቸው ዛሬም ድረስ ያከራክራል፤ ክርክሩ ራሱ መከታተል የሚገባው ነው።

ከጦርነት የተረፈ ዕቃ

ከሮድስ ተማሪዎች አንዱ ዊልያም ፉልብራይት ይባላል። የአርካንሶ ልጅ ነው። ኦክስፎርድ ተምሮ ተመለሰና የአሜሪካ ሴናተር ሆነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አንድ ማንም ልብ ያላለው ነገር ልብ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ጦር በየአገሩ የጭነት መኪና፣ ድንኳን፣ ማሽን፣ ምግብና መድኃኒት በገፍ ትቶ ነበር። መልሶ ለመጫን ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ነው። እዚያው እንሽጠው ቢባል፣ በጦርነት የተጎዱት ገዢ አገሮች ዶላር የላቸውም። በራሳቸው ገንዘብ ይክፈሉ ቢባል ደግሞ ያ ገንዘብ ከአገራቸው ውጭ ምንም አይገዛም። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ የውጭ ነጋዴ ዕቃውን አዲስ አበባ በብር ሸጠ እንበል። ብሩን ይዞ ለንደን ቢሄድ ማን ይቀበለዋል? ያለው አማራጭ ብሩን እዚሁ ማጥፋት ነው።

የፉልብራይት መላ ይኸው ነበር፦ ገንዘቡን እዚያው እናጥፋው፣ ግን በተማሪ ላይ። አሜሪካዊው ተማሪ እዚያ አገር ሄዶ ሲማር ኪራዩና ቀለቡ በዚያ ገንዘብ ይሸፈናል፤ የዚያ አገር ተማሪም ወደ አሜሪካ ሲሄድ የመጓጓዣው ወጪ በዚሁ ይከፈላል። ፕሬዚዳንት ትሩማን ሕጉን በነሐሴ 1946 እ.ኤ.አ. ፈረሙበት። ከአሜሪካ ግብር ከፋይ ኪስ አዲስ ገንዘብ ስላልጠየቀ ምክር ቤቱ ውስጥ ያለ ብዙ ጫጫታ አለፈ። የመጀመሪያውን ስምምነት በ1947 እ.ኤ.አ. የፈረመችው ቻይና ናት። የጦርነቱ ዕቃ ሽያጭ ሲያልቅ፣ በተለይ ከ1961 እ.ኤ.አ. ሕግ በኋላ፣ ፕሮግራሙ በየዓመቱ ከመንግሥት በጀት የሚመደብለት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ፉልብራይት ሕዝቦች አብረው ቢማሩ ይግባባሉ ብሎ ያመነ ሰው ነው። ግን በ1956 እ.ኤ.አ. የደቡብ ግዛቶች ፖለቲከኞች ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ የተወሰነውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ብያኔ የሚቃወም መግለጫ ሲያወጡ እሱም ፈርሟል። የቶኪዮና የበርሊን ተማሪ ከአሜሪካዊ ጋር እንዲማር ገንዘብ ያፈላለገ ሰው፣ በገዛ አገሩ ልጆች አንድ ክፍል እንዲቀመጡ አልደፈረም። የስኮላርሺፕ መሥራቾች ሐውልት አይደሉም፤ የዘመናቸው ፖለቲከኞች ናቸው።

ምኒልክ የላኳቸው ሦስቱ

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። የኢትዮጵያ መንግሥት ወጣቶችን ውጭ ልኮ ማስተማር የጀመረው ሮድስ ከመናዘዙ በፊት ነው። በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ከአድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አፄ ምኒልክ ሦስት ወጣቶችን ከስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ፦ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ጉግሣ ዳርጌና ኪታው ዘአማኑኤል። ጦርነቱ ሲቃረብ ሦስቱም ከስዊዘርላንድ ወጥተው ወደ ጣሊያን ወገን ገቡ።

እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ ገና ከመነሻው የስኮላርሺፕን ትልቁን ሥጋት አዩት፦ የላክኸው ሰው ላይመለስልህ ይችላል፤ ከባላንጣህ ጋርም ሊቆም ይችላል። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ከሦስቱ አፈወርቅ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን አሳተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ዛሬ ለዚህ የጽሑፍ ዓይነት የምንጠቀምበት «ልብ ወለድ» የሚለው ቃልም ከዚያ ርዕስ ጋር የተያያዘ ነው። መንግሥት ያልጠበቀው፣ ያላዘዘውም ፍሬ መሆኑ ነው።

ከመንግሥት ስኮላርሺፕ ውጭ የተማሩም ነበሩ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ሄደው በአንድ ኦስትሪያዊ ቤተሰብ እጅ አደጉና ተማሩ። ተመልሰው የጻፉት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ርዕሱን እንደገና አንብቡት። በአማርኛ ከተጻፉት የፐብሊክ ፖሊሲ መጻሕፍት ቀደምቱ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብ፣ አምራች አገር ለምን ደሃ ሆኖ እንደሚቀር ይተነትናል።

በኋላም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ወጣቶችን ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ግብፅ መላክ ቀጠሉ። ያ ትውልድ ገና ፍሬ ማፍራት ሲጀምር የጣሊያን ወረራ መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተካሄደው ጭፍጨፋ ፋሺስቶቹ የተማሩ ወጣቶችን እየለቀሙ ገደሉ። ለምን እነሱን? ምክንያቱም ቅኝ ገዢ ጠመንጃ የያዘውን ብቻ አይደለም የሚፈራው፤ ነገ መዝገብ ይዞ፣ ሕግ አርቅቆ፣ መሥሪያ ቤት ማቆም የሚችለውንም ይፈራል።

ንጉሡ ራሳቸው የሚሸኙት ተማሪ

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አገሪቱ ሚኒስቴሮች አቋቁማ ነበር፤ የሚሠራባቸው ሰው ግን አልነበራትም። ስለዚህ መንግሥት ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ እንደ ኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፈተ። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ ምርጦቹን ወደ ውጭ ላከ። አፄ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ነበር። ተማሪዎች ከመሄዳቸው በፊት ቤተ መንግሥት ቀርበው እጅ ይነሣሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ምክር ሰጥተው ይሸኟቸዋል። ሲመለሱም እንደዚያው።

ይህ ሥነ ሥርዓት ብቻ አልነበረም። ዛሬ ስኮላርሺፕ ስታገኙ የምትፈርሙት ወረቀት አለ፤ ያኔ ውሉ ፊት ለፊት የሚገባ ቃል ነበር። አብዛኞቹም ተመልሰዋል። የሚጠብቃቸው ሥራ፣ ደመወዝና ክብር ስለነበር መመለሱ ከባድ አልነበረም። ቅሬታው የሚጀምረው ከተመለሱ በኋላ ነው። ውጭ አገር ያዩት ሥርዓት ሌላ፣ ቢሯቸው ውስጥ ያገኙት ሌላ። ውሳኔ ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል፤ ሹመት በችሎታ ሳይሆን በቅርበት ይሰጣል ብለው ያማርሩ ነበር።

ግርማሜ ከዚህ ትውልድ ነው። በኮሎምቢያ ስለ ኬንያ ሲጽፍ፣ እዚያ የነበረው ነገር ይህን ይመስል ነበር፦ የተሻለው ደጋማ መሬት ለነጮች ተከልሏል። አፍሪካዊው ወይ ወደ ጠባብ ክልል ይገፋል፣ ወይ በአባቶቹ መሬት ላይ ለሰፋሪው ጉልበቱን እየሸጠ ይኖራል። በ1952 እ.ኤ.አ.፣ የማው ማው ዐመፅ ሲጠነክር፣ እንግሊዝ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። አሁን ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያን የያኔ ሁኔታ አስታውሱ። ከምኒልክ ዘመቻዎች ወዲህ ሰፊ መሬት ለወታደር፣ ለሹምና ለቤተ ክህነት ተሰጥቶ፣ ገበሬው በገዛ ቀየው ጭሰኛ ሆኗል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ አንዱ የውጭ ቅኝ ግዛት ነው፣ ሌላው የአገር ውስጥ ሥርዓት። ግን አንዱን ያጠና ሰው ሌላውን ሲያይ ጥያቄ እንደሚፈጠርበት መገመት አያስቸግርም።

ግርማሜ ወላይታ ላይ አስተዳዳሪ ሆኖ ሲሾም መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት መስጠት ጀመረ፤ ባለ መሬቶቹ ወደ ቤተ መንግሥት ከሰሱት። ከዚያ ተነሥቶ ጅጅጋ ተመደበ። እዚያም የአርብቶ አደሩ ሕዝብ ውኃ፣ ትምህርትና ሕክምና አጥቶ አገኘው። በአጭሩ፣ በሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ፖሊሲ ለመቀየር ሞከረ፤ መንገዱ ተዘጋበት።

በታኅሣሥ 1953 ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል በጉብኝት ላይ ሳሉ፣ ግርማሜ ከወንድሙ ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ከሌሎች ጋር ሥልጣን ያዘ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ግን ለዘውዱ ቆሙ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙከራው ከሸፈ። መጨረሻው አስከፊ ነበር። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ሹማምንት፣ ከነሱም ውስጥ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ተረሸኑ። ግርማሜ ሸሽቶ ሳለ ሞተ፤ መንግሥቱ ተፈርዶበት በስቅላት ተቀጣ። ይህን ሳይናገሩ የግርማሜን የመሬት ሥራ ብቻ ማወደስ ግማሽ ታሪክ ነው። ጥሩ ጥያቄ ያነሳ ሰው የሚሰጠው መልስ ሁሉ ጥሩ አይደለም።

ንጉሠ ነገሥቱ በማግሥቱ ዓመት ያን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡት። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ሆነ። ዛሬ ስድስት ኪሎ ግቢ ገብታችሁ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ስትጎበኙ የምትረግጡት ወለል ያ ቤተ መንግሥት ነው።

እንግዶቹ ተማሪዎች

ታሪኩ ሌላ አቅጣጫም አለው። ኢትዮጵያ ስኮላርሺፕ ተቀባይ ብቻ አልነበረችም፤ ሰጪም ነበረች። በ1950 ዓ.ም. ነፃ የአፍሪካ አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ አክራ ላይ ሲሰበሰቡ ስምንት ብቻ ነበሩ። በዚያን ጊዜ አካባቢ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠ። የዲፕሎማሲ ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ነገ ነፃ የሚወጡት አገሮች መሪዎች አዲስ አበባ ቢማሩ፣ አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና ትሆናለች።

ስሌቱ ሠርቷል። ለምሳሌ ኬንያዊው ሮበርት ኡኮ በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ መጥቶ የመንግሥት አስተዳደር፣ ኢኮኖሚክስና ፖለቲካል ሳይንስ ተምሮ በ1962 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በኋላም የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በ1990 እ.ኤ.አ. ተገድሎ ተገኘ፤ ግድያው እስከ ዛሬ ኬንያን ያነጋግራል።

ግን ማንም ያላሰበው ሌላ ነገርም ሆነ። እንግዶቹ ተማሪዎች የፀረ ቅኝ አገዛዝ ትግል ውስጥ ያደጉ፣ ፖለቲካ መከራከር የለመዱ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸውን «እናንተ ለምን ዝም ትላላችሁ?» ማለት ጀመሩ። «ቅኝ ያልተገዛች አገር» ብሎ የሚኮራው ተማሪ፣ ቅኝ ተገዝተው ከነበሩት አገሮች የመጡት ከእሱ ይልቅ በነፃነት ሲናገሩ ሲያይ ማፈሩ አልቀረም። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄን ያጠኑ የታሪክ ምሁራን ይህንን ግንኙነት ከንቅናቄው መነሻዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ተጨመረ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ አዘዘ፤ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ሕዝብ ላስተማረህ ለሕዝብ መልስ የሚል ሀሳብ ነው። የከተማው ልጅ ግን የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። ትኩሳቱም ባሰ። ዘውዱ ለራሱ ጥቅም የከፈተው በር ሁሉ ወደ አንድ አዳራሽ ያስገባ ነበር ማለት ይቻላል፤ በ1966 ዓ.ም. አዳራሹ ሞላ።

ስጦታው ፍርድ ቤት ሲቆም

እስካሁን ያየነው ከፋዩ መንግሥት ሲሆን ነው። ከፋዩ ግለሰብ ሲሆንስ?

በ1961 እ.ኤ.አ. ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ባልና ሚስት ለአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ 35 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ገንዘቡ የመጣው ኤ ኤንድ ፒ ከተባለ ትልቅ የግሮሰሪ ሱቆች ድርጅት ነው። ዓላማው በጽሑፍ ተቀምጧል፦ የፐብሊክ ፖሊሲ ትምህርት ቤቱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ለመንግሥት ሥራ፣ በተለይም ለውጭ ጉዳይ ሥራ፣ እንዲያዘጋጅ። ለጋሾቹ ቻርልስና ማሪ ሮበርትሰን መሆናቸው የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ዓመታት አለፉ፤ ገንዘቡም በኢንቨስትመንት በብዙ እጥፍ አደገ። በ2002 እ.ኤ.አ. የለጋሾቹ ልጆች ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱት። ክሱ በአጭሩ፦ «ወላጆቻችን የሰጡት ለመንግሥት ሠራተኛ ማሠልጠኛ ነው፤ ከተመራቂዎቹ ግን መንግሥት ቤት የሚገቡት ጥቂት ናቸው። ገንዘቡም ለሌላ ነገር እየዋለ ነው።» ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ገንዘቡን ለተባለው ዓላማ በአግባቡ እንደተጠቀመበት፣ ተመራቂ የት እንደሚሠራ ማስገደድ እንደማይችል ተከራከረ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ከፈጀ በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ። ዩኒቨርሲቲው የቤተሰቡን የክርክር ወጪ 40 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ በተጨማሪም ተማሪዎችን ለመንግሥት ሥራ ለሚያዘጋጅ አዲስ ፋውንዴሽን 50 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ተስማማ። ዋናው ገንዘብ ግን ዩኒቨርሲቲው ጋር ቀረ።

ማን ልክ ነበር? ልብ በሉ፣ እዚህ ክርክር ውስጥ የተማሪው ፊርማ የለበትም። ለጋሹ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተዋዋለ፤ ተማሪው መንግሥት ቤት እንዲገባ ያሰረው ነገር አልነበረም። ከዚህ ጋር የትሩማን ስኮላርሺፕን አነጻጽሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት ለፕሬዚዳንት ትሩማን መታሰቢያ ከሐውልት ይልቅ ስኮላርሺፕ መርጦ ያቋቋመው ነው፤ ሕጉ የተፈረመው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ለአሜሪካውያን ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ተማሪው የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን በጨረሰ በ7 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 3ቱን በሕዝብ አገልግሎት እንዲሠራ ያስፈርመዋል። ካልሠራ ገንዘቡን ይመልሳል። እዚህ ውሉ ከተማሪው ጋር ነው።

ዛሬ ስታመለክቱ

ከእናንተ መካከል ነገ በፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ መማር የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት በሄልሙት ሽሚት ስም የሚሰጠው ፕሮግራም በቀጥታ ለዚህ ዘርፍ የቆመ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ቺቭኒንግ፣ ጃፓን በዓለም ባንክ በኩል ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሰጠው ስኮላርሺፕ፣ የአሜሪካው ፉልብራይትም አሉ። ማስታወቂያቸውን ስታነቡ የገንዘቡን መጠን ብቻ አትዩ። ታሪኩ ያስተማረን ሦስት ነገር እንድንጠይቅ ነው።

ገንዘቡ የማን ነው? የመንግሥት ከሆነ ከዚያ መንግሥት ፖሊሲ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በ2025 እ.ኤ.አ. አብዛኞቹ የፉልብራይት ቦርድ አባላት ሥራቸውን ለቀቁ፤ ምክንያታቸውም አስተዳደሩ ቦርዱ በመረጣቸው ተወዳዳሪዎች ላይ ጣልቃ ገብቷል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት በድኅረ ምረቃ የተመረቁ ወጣቶችን ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያስገባ የነበረውን፣ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ፌሎሺፕ በአንድ ትእዛዝ ዘጋው።

ማንን ይመርጣሉ? የሮድስ ኑዛዜ ዘር አይታይ ብሎም መራጮቹ አይተዋል። መመዘኛው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከዚያ ባለፉት ዓመታት በእርግጥ እነማን እንደተመረጡ ፈልጉ። «የመሪነት ብቃት» የሚለው ቃል በተለይ እንደ መራጩ ይለዋወጣል።

ከዚያስ ምን ይጠበቅባችኋል? ቺቭኒንግ ከትምህርቱ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ እንድትቆዩ ይጠይቃል። የፉልብራይት ተማሪ በአሜሪካ ቪዛ ሕግ መሠረት ሁለት ዓመት አገሩ ሳይቆይ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አይችልም። የጃፓኑም ተመልሶ ለአገር ልማት መሥራትን ያስቀድማል። እኛ አገርም መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ለትምህርት ሲልክ ውል ያስፈርማል፤ ብዙ ጊዜም ዋስ ይጠይቃል። ከምኒልክ ሦስት ተማሪዎች ወዲህ ያልተፈታው ሥጋት ዛሬም በውሉ ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ውሉ ግን ሁሉንም አይይዝም። ተመለስ ይላል፤ ተመልሰህ ምን በል አይልም። ወረቀቱ እግርን ያስራል እንጂ ጭንቅላትን ማሰር አልቻለም፤ ሮድስም፣ ዘውዱም፣ የግሮሰሪ ሀብታሞቹም ይህንን አይተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያነሳነውን ጥያቄ እንዲህ ብንለውጠው ይሻላል መሰለኝ፦ ተምሮ የመጣው ሰው «ይህ ልክ አይደለም» ሲል፣ የላከው መሥሪያ ቤት የሚሰማበት ወንበር አዘጋጅቷል ወይ? ግርማሜ ወላይታ ላይ ሳለ ያ ወንበር አልነበረም። ዛሬስ? ለስኮላርሺፕ የምታመለክቱትም፣ ሌላውን የምትልኩት አለቆች ስትሆኑም፣ ይህንን ጥያቄ ከቅጹ ጋር ያዙት።